ለሃጯ የሚዝረበረበው መኪና ውስጥ ብቻ ነው

ጥያቄ፦ ቡቺ የምንላት የ2 ዓመት ተኩል ውሻ አለችን። መኪና ውስጥ ስትገባ ትንቀጠቀጣለች፣ ታለከልካለች፣ ለሃጯ ወንበሩን ያርሰዋል። ከ3 ሳምንት በፊት ወደ ሐዋሳ ስንሄድ ትረጋጋ ብዬ የእናቴን የእንቅልፍ ኪኒን ግማሽ ሰጠኋት፤ ጭራሽ ባሰባት፣ ሞጆ ሳንደርስም አስመለሳት። ለሃጯ የልጄን እጅ ነክቶታል። ጎረቤታችን ይህን ስትሰማ «የእብድ ውሻ በሽታ እንዳይሆን» አለችኝ። ክትባቷ ጊዜው ካለፈ 5 ወር ሆኖታል፤ በመኪና መውሰዱ ስላስቸገረን ነው። ለጉዞ የሚያስተኛት ምን ኪኒን ልስጣት? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ የጠየቁኝ ስለ ኪኒን ነው፤ እንቅልፍ የነሳዎት ግን የልጅዎ እጅ ይመስለኛል። ከእሱ ልጀምር። ቡቺ ዛሬም እንደ ወትሮዋ የምትበላ፣ የምትጠጣና የምትጫወት ከሆነ የዚያን ቀን ለሃጯ የእብድ ውሻ ቫይረስ አልነበረበትም። የታመመ ውሻ ቫይረሱ በለሃጩ መውጣት የሚጀምረው ምልክቱ ከመታየቱ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ ነው፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ ደግሞ በቀናት ውስጥ ይሞታል። ሰው የነከሰ ጤነኛ ውሻ ለ10 ቀን ታስሮ የሚታየው ለዚህ ነው። እናንተ 3 ሳምንት አልፏችኋል።

በሽታው ቦታ አይመርጥም። መኪና ውስጥ ጀምሮ ስትወርድ አይለቅም። ጠባይዋ ይለወጣል፤ ተጫዋቿ ጥግ ትይዛለች ወይም ያገኘችውን ትነክሳለች። ድምጿ ይጎረንናል። ጉሮሮዋ ሽባ ስለሚሆን ለሃጯን መዋጥ ያቅታታል፣ የታች መንጋጋዋ ይንጠለጠላል፣ የኋላ እግሮቿ ይከዷታል። አጥንት የተሰነቀረባት መስሏችሁ አፏ ውስጥ እጃችሁን እንዳትሰዱ፤ ብዙ ሰው ለአደጋ የሚጋለጠው እንዲህ ነው። ወደፊት የማታውቁት ወይም ያልተከተበ ውሻ ልጁን ቢነክሰው ወይም ለሃጩ ቁስል ቢነካበት በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ እጠቡት፣ በዚያው ቀንም ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ሥር ቀጥቅጦ ማጠጣት ክትባትን አይተካም። በሰው ላይ ምልክቱ አንዴ ከጀመረ የሚያድን መድኃኒት የለም።

አሁን ወደ ኪኒኑ። ለእናትዎ የታዘዘ መድኃኒት ለውሻ አይሰጥም! የሰው የእንቅልፍ ኪኒን አንዳንድ ውሻ ላይ ተቃራኒውን ይሠራል፤ ያቅበዘብዛል፣ እየተንገዳገደ ይበልጥ ያስደነግጣል። ደንዝዛ እያለች ቢያስመልሳት ትውከቱ ወደ ሳንባዋ ሊገባ ይችላል። አሁን ደህና ከሆነች አልፏል፤ ሁለተኛ ግን አይሞክሩት።

ቡቺን የያዟት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዱ ማጥወልወል ነው፤ የውስጥ ጆሮዋ መንቀሳቀሷን ይነግራታል፣ ዓይኗ የሚያየው ግን የቆመ ወንበር ነው። ሌላው ፍርሃት ነው፤ መኪና ያጥወለውላታል፣ መውረጃዋም መርፌ ያለበት ክሊኒክ ነው። ለመለየት ሰዓቱን ልብ ይበሉ። ሞተር ሳይነሳ ከተንቀጠቀጠች ፍርሃት ነው። መንገድ ከተጀመረ በኋላ አፏን እየላሰች፣ እያዛጋች፣ ከዚያ ለሃጯ ከመጣ ማጥወልወል ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም አብረው ናቸው።

ለማጥወልወሉ ማሮፒታንት የሚባል የውሻ መድኃኒት አለ። ተመዝና በክብደቷ ልክ በሐኪም ይታዘዝላታል፤ ከጉዞው ቢያንስ 1 ሰዓት በፊት ከጥቂት ምግብ ጋር ትወስዳለች። ትውከቱን ያቆማል፣ ፍርሃቱን አይነካም። ዋናውን ምግብ ከመነሳታችሁ ከ6 እስከ 8 ሰዓት በፊት ትብላ፤ ውኃ አይከልከሏት።

ፍርሃቱ የሚለቀው በልምምድ ነው። መኪናው ግቢ ቆሞ፣ በሮቹ ተከፍተው፣ ሞተሩ ጠፍቶ የኋላ ወንበር ላይ ሥጋ ይስጧት፤ የጥፍር ያህል ቁራጭ፣ ተቀቅሎ፣ በርበሬና ሽንኩርት ያልነካው (ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው)። 5 ደቂቃ ይበቃል። ራሷ ዘላ መግባት ስትጀምር በሩን ዝጉ። በሌላ ቀን ሞተር አስነሱ፣ ግን አትንቀሳቀሱ። ከዚያ እስከ ግቢው በር፣ ቀጥሎ ሰፈሩን አንድ ዙር፤ መጨረሻው መርፌ ሳይሆን የምትሮጥበት ሜዳ ይሁን። ሥጋውን እምቢ ካለች ቸኩላችኋል፤ አንድ እርምጃ ተመለሱ። ልምምዱ የሚበላሸው ሦስት ቀን ደህና ስለሆነች ብላችሁ በአራተኛው ሐዋሳ ስትወስዷት ነው። እየተንቀጠቀጠች ብታባብሏት ፍርሃቱን አታጠናክሩትም፤ መቆጣት ግን ያጠናክረዋል።

ስትጓዝ በአንገቷ ሳይሆን በደረት ማሰሪያ ከወንበሩ ቀበቶ ጋር እሰሯት፤ ከሥሯ የማያንሸራትት ምንጣፍ፣ የምትተኛበትንም ሳይታጠብ አንጥፉላት። መስኮቱን ሁለት ጣት ያህል ክፈቱ፤ ጭንቅላቷን ግን አታውጣ። በየ2 ሰዓቱ ውረዱ። ከአዲስ አበባ ወደ ስምጥ ሸለቆ ሲወርዱ ሙቀቱ ይጨምራል፤ የደነገጠ ውሻ ደግሞ በራሱም ይግላል። ምሳ ስትበሉ መኪና ውስጥ ዘግታችሁባት አትሂዱ፤ መስኮት ገርበብ ማለቱ አያድናትም።

ልምምዱ ሳምንታት ይወስዳል፤ ክትባቱ ግን ሳምንታት አይጠብቅም። 5 ወር ማሳለፍዎ አሳዝኖኛል፤ ቤት ውስጥ ልጅ አለ። ቤት ድረስ የሚመጣ የእንስሳት ሐኪም በዚህ ሳምንት ያስጠሩ፤ በዚያው ይመዝናትና የጉዞ መድኃኒቷን ያዝላት። ልምምድ ያልበቃው ፍርሃት ካላት የጭንቀት መድኃኒትም አለ፤ መጀመሪያ ጉዞ በሌለበት ቀን እቤት ሰጥታችሁ እንዴት እንደምትሆን ትከታተላላችሁ።