ፍሪጁን በዱቤ ልውሰደው?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው፤ የምሠራው ደግሞ አቃቂ ፋብሪካ ውስጥ። ሰፈራችን ያለ አንድ ሱቅ ፍሪጅ በዱቤ ይሰጣል። በካሽ 42,000 ብር ነው። በዱቤ ከሆነ 12,000 ቅድሚያ ከፍዬ፣ ለ6 ወር በየወሩ 7,000 እጨምራለሁ። «ወለድ የለውም» ብለውኛል። ዋስ አምጪ ስላሉኝ የሥራ ባልደረባዬን ለመንኳት፤ እሺ ብላኛለች። ልፈርም?
የሁለት ልጆች እናት

መልስ፦ እህቴ፣ ከመፈረምሽ በፊት ደምሪው። 12,000 እና ስድስት ጊዜ 7,000፣ 54,000 ብር ይመጣል። 12,000 ብር ጨመሩብሽ ማለት ነው። ይሄ ወለድ ካልሆነ ምን ሊባል ነው?

ትንሽ እንዳይመስልሽ። ቅድሚያውን ስለምትከፍዪ ሱቁ የሚያበድርሽ 30,000 ብቻ ነው። ዕዳሽ በየወሩ እየቀነሰ መሄዱን ቆጥሬ ሳሰላው፣ ወለዱ በወር ከ10 በመቶ በላይ ሆነ። ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ሲያደርገው ስንቱ ተደስቶ ነበር፤ እሱ እኮ በዓመት ነው!

እኔም ተነክሼ ነው የምነግርሽ። ገላን አካባቢ ካለ ሱቅ፣ ስሙ ይቅርና፣ ቴሌቪዥን በዱቤ ወስጄ ነበር። በሦስተኛው ወር መብራት ሄዶ ሲመለስ ስክሪኑ ጠቆረ። «የመብራት ጉዳት ዋስትናው ውስጥ የለም» አሉኝ። ወረቀቱን ገልጬ ሳይ እውነትም ከታች በደቃቅ ፊደል ተጽፏል። የቀረውን አምስት ወር ለጥቁር ቴሌቪዥን ከፈልኩ። ባለቤቴ ዳንቴል አለበሰችው።

ከፍሪጁ ይልቅ ያሳሰበችኝ ግን ባልደረባሽ ናት። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ዋስትና በጽሑፍ መሆን አለበት፤ ዋሱ እስከ ስንት ብር እንደሚጠየቅም ካልተጻፈ አይጸናም። ውሉ ላይ «በአንድነትና በነጠላ» የሚል ካለ ደግሞ፣ አንቺን ትተው በቀጥታ እሷን መክሰስ ይችላሉ። ይህን ታውቃለች? ካላወቀች ሻይ ጋብዣትና ንገሪያት።

እኔ አንቺን ብሆን 12,000ውን አልነካም። ያንኑ 7,000 በየወሩ እጨምርበታለሁ፤ በአምስተኛው ወር 47,000 ይሆናል። ዋጋው ቢንርስ ካልሽ፣ 5,000 መጠባበቂያ አለሽ። ፋብሪካው ውስጥ ዕቁብ ካለም ግቢና ዳኛውን ቀደም ያለ ዕጣ ለምኚው።

የለም፣ ልጆቹ አስቸግረውኛል፣ አሁኑኑ ያስፈልገኛል ካልሽም ይገባኛል። ቢያንስ ቅድሚያውን ከፍ አድርጊና ከጭማሪው ላይ አስቀንሺ። ከጊዜው ቀድሜ ከፍዬ ብጨርስ ይቀነስልኛል ወይ ብለሽ ጠይቂና መልሱን ውሉ ላይ አስጽፊው። ስታብላይዘር አብረሽ ግዢ። ደረሰኝም በየወሩ ተቀበዪ፤ እኛ የአንዱን ወር ጥለን ሁለቴ ከፍለናል።