ስለ ሲዱር በዓል ለጠየቅሽው

እህቴ፣ አንደኛ ክፍል ያለችው ልጅሽ ትምህርት ቤት ለሲዱር (ለአይሁድ የጸሎት መጽሐፍ) በዓል ጠርቶሽ ምን እንደሚደረግ ጠይቀሻል። ልጆቹ ማንበብ ሲጀምሩ የመጀመሪያውን የጸሎት መጽሐፋቸውን የሚቀበሉበት ቀን ነው፤ ይዘምራሉ፣ ይጨፍራሉ፣ እየተጠሩ ይረከባሉ። ኦሪቱን ብዙውን ጊዜ ሁለተኛ ክፍል ነው የሚቀበሉት። ብዙ ቦታ የሲዱሩን ሽፋን ወላጅ እንዲያስጌጠው ይጠየቃል። ከሆነ ስሟን በዕብራይስጥም በአማርኛም ጥለፊበት፣ ደስ ይላታል።

አያቷን ይዘሻት ሂጂ። ዕብራይስጥ ባትችልም ግድ የለም፣ የልጅ ልጇ ሲዱር ስትቀበል ማየት ይገባታል!

ለቤተ እስራኤል በዓል ለስግድም መምህሯን ካሁኑ አነጋግሪያት። ከዮም ኪፑር (ከስርየት ቀን) በኋላ በ50ኛው ቀን፣ በአይሁድ አቆጣጠር ሄሽቫን 29 ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በሕግ የታወቀ የእስራኤል በዓል ነው። አያቷ ዳቦ ይዛ ገብታ እዚያ አገር ኢትዮጵያ ተራራ ላይ እንዴት ይጸለይ እንደነበር ለክፍሉ ብትነግራቸው፣ አንቺ ብታስተረጉሚላት፣ ከየትኛውም ሥዕል ይበልጣል።