«ይለያያል» ብለሽ ለተሳቀብሽው

ልጄ፣ ከሐዋሳ የላክሽውን ደብዳቤ ሁለቴ አነበብኩት። ኢንተርን፣ ማለትም በሆስፒታል የምትለማመጅ የሕክምና ተማሪ ነሽ። ሁለቱንም ጉልበት በአንድ ቀዶ ሕክምና በሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ስለመቀየር ሴሚናር አቀረብሽ። «ጉልበቱን በየት በኩል መክፈት ይሻላል?» ሲሉሽ «ይለያያል» አልሽ፤ ተሳቀብሽ። አሁን «ኦርቶፔዲክስ (የአጥንት ቀዶ ሕክምና) ለእኔ አይሆንም ማለት ነው?» ትያለሽ።

እኔ ወደ ምክር ሥራ ከመግባቴ በፊት ለዓመታት ፊዚዮቴራፒስት ነበርኩ። ሁለቱንም ጉልበት የተቀየሩ አንዲት እናት አይረሱኝም። በማግስቱ ጠዋት «እማማ፣ እግርዎን ቀጥ አድርገው ያንሡት» አልኳቸው። ጭናቸው ተንቀጠቀጠ፤ ተረከዛቸው ግን ከአንሶላው ንቅንቅ አላለም። አንድ ጉልበት የተቀየረ ሰው በደህናው እግሩ ይደገፋል። እሳቸው በየትኛው ይደገፉ?

ጥያቄሽ ያለው እዚያ አልጋ ላይ ነው። የተለመደው የመክፈቻ መንገድ፣ ፓራፓቴላር፣ የኳድሪሴፕስን (የፊት ጭን ጡንቻን) ጅማት ሰንጥቆ ይገባል፤ ለሐኪሙ ሁሉም ነገር ወለል ብሎ ይታየዋል። ሚድቫስተስ የሚባለው መንገድ የጡንቻውን ክሮች ፈልቅቆ ያልፋል። ሰብቫስተስ የሚባለው ደግሞ ጡንቻውን ሳይቆርጥ በሥሩ ይገባል። በዚህኛው ታካሚው ብዙ ጊዜ እግሩን ቶሎ ያነሣል፤ ወፍራም ወይም የደረቀ ጉልበት ሲሆን ግን ለሐኪሙ ፈተና ነው። ወራት ሲያልፉ ደግሞ ልዩነቱ እየጠበበ ይሄዳል። ስለዚህ «ይለያያል» ትክክል ነበር። የቀረሽ «በምን?» የሚለው ነው፤ በታካሚው ውፍረት፣ ጉልበቱ በሚታጠፍበት መጠን፣ በሐኪሙ የእጅ ልምድ። ከሁሉም በፊት ግን የታካሚው ልብ እና ሳንባ ሁለቱን ጉልበት ባንዴ መቀየርን ይችላል ወይ? ካልቻለ በየተራ ይሠራል። እንዲህ የሚያመነታ ሰው ለቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል። የሚያሰጋኝ ሳያመነታ የሚከፍተው ነው።

አባትሽ ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል፣ ዓሣ እየሸጡ አስተምረውሻል፤ ክብር ይገባቸዋል። «ስፔሻሊቲው ይቅር፣ ቶሎ ክሊኒክ ገብተሽ ታናናሾችሽን አሳድጊ» ማለታቸው ግን ልክ አይደለም። ልጆቹ የእሳቸው ናቸው። ከደሞዝሽ የምትችይውን ወር በወር ስጪ፤ ሙያሽን ግን አትስጪ።

«ሴት ለአጥንት ጉልበት የላትም» የሚለውን እርሺው፤ መዶሻውም መጋዙም የሚፈልገው ስልት ነው።

ስፔሻሊቲ ከመምረጥሽ በፊት ግን ሁለት ሳምንት ጠዋት ጠዋት ፊዚዮቴራፒ ክፍል ግቢ። ታካሚዎቹን ዎከር (የመራመጃ መደገፊያ) አስይዘሽ አብረሻቸው ተራመጂ። ያ ሥራ ከኦፕራሲዮን ክፍሉ በላይ ከሳበሽም አትፈሪ፤ እኔን ስቦኛል። ከዚያ ጻፊልኝ።