ኤፍ ዋን ላይ ሆነሽ ስለ መሥራት፦ ካላንደሩን አጠገብሽ አድርጊው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አሜሪካ በኤፍ ዋን (በተማሪ ቪዛ) ገብተሽ ማስተርስ እየተማርሽ ነው፤ ሁለተኛ ሴሚስተርሽ ነው። አንድ ሰው የምግብ ዴሊቨሪ አካውንቱን ላከራይሽ ብሎሻል። ለሰመር ኢንተርንሺፕ አግኝተሻል፤ ሲፒቲ (እየተማርሽ በሙያሽ የመሥራት ፈቃድ) ብትወስጂ ከኦፒቲሽ (ትምህርት ጨርሰሽ በሙያሽ ከምትሠሪበት ፈቃድ) ይቀነስ እንደሆነ ጨንቆሻል። ኦፒቲውን መቼ ማስጀመር እንዳለብሽም ጠይቀሻል። እኔም በዚሁ መንገድ አልፌአለሁ፤ የስቴም ማራዘሚያውንም (ሳይንስ፣ ቴክኖሎጂ፣ ኢንጂነሪንግና ሒሳብ ለተማሩ የሚሰጠውን የኦፒቲ ተጨማሪ ጊዜ) ሠርቼ ጨርሻለሁ። ያጠፋሁትንም ጨምሬ ልንገርሽ።

አካውንቱን እንዳትነኪው። ያለ ፈቃድ ከካምፓስ ውጪ መሥራት በራሱ ስታተስ (በተማሪነት በሕጋዊ መንገድ የመቆየት መብት) ያሳጣል። በሰው ስም ሲሆን ሌላ ጣጣ ይጨመርበታል። ገንዘቡ የሚገባው በእሱ ስም፣ ታክሱ የሚመዘገበውም በእሱ ስም ነው። አደጋ ቢደርስብሽ ኢንሹራንሱ አያውቅሽም። «እኔ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ፣ ምን ሆንኩ?» የሚል ሰው መቼም አይጠፋም። እሱ ገና ግሪን ካርድ አላመለከተም ማለት ነው። ቅጹ ላይ፣ አሜሪካ ውስጥ ያለ ፈቃድ ሠርተሽ ታውቂያለሽ ወይ የሚል ጥያቄ አለ። ያኔ ወይ እውነቱን ተናግረሽ ትጎጃለሽ፣ ወይ ዋሽተሽ የባሰ ትገቢበታለሽ።

ገንዘብ ካጠረሽ ካምፓስ ውስጥ ፈልጊ። ለዚያ ከኢሚግሬሽን ወርክ ፐርሚት ማውጣት አያስፈልግም። ትምህርት ባለበት ጊዜ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት፣ እረፍት ላይ ደግሞ ሙሉ ሰዓት መሥራት ይቻላል። ሁለት ቦታ ብትሠሪም 20ው የሁለቱ ድምር ነው፤ ብዙ ሰው እዚች ላይ ይሳሳታል። እኔ ላይብረሪ ውስጥ የማታ ፈረቃ ነበረኝ። የተመለሱ መጻሕፍትን በጋሪ እየገፋሁ መደርደሪያቸው ላይ እመልሳለሁ። ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ሰው ስለማይኖር አሳይንመንቴን የምሠራው እዚያው ነበር። የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሬን ያገኘሁትም በዚያ ሥራ ነው።

ወደ ሲፒቲው ልምጣ። በደንቡ አንድ ሙሉ የትምህርት ዓመት መማር አለብሽ። ስለዚህ ይህን ሴሚስተር ስትጨርሺ ለሰመሩ ትደርሻለሽ። ፈቃዱን የሚሰጥሽ የትምህርት ቤትሽ ዲኤስኦ (የውጭ ተማሪዎችን የቪዛ ጉዳይ የሚይዘው ሠራተኛ) ነው፤ ለመንግሥት የሚከፈል የማመልከቻ ክፍያ የለውም። ሥራው ግን ከትምህርትሽ ጋር የተያያዘ መሆን አለበት፤ አብዛኛውን ጊዜ ኢንተርንሺፑን እንደ ኮርስ ትመዘገቢበታለሽ።

ከኦፒቲ ይቀነሳል ወይ ላልሽው፣ እንደ ባንክ ሒሳብ ትንሽ በትንሽ አይቀነስም። በአንድ የትምህርት ደረጃ 12 ወር ወይም ከዚያ በላይ ሙሉ ሰዓት ሲፒቲ ከሠራሽ፣ በዚያ ደረጃ ኦፒቲ ጭራሽ አይኖርሽም። ከዚያ በታች ከሆነ አንድ ቀን አይነካብሽም። የሦስት ወር ሰመር ምንም አያደርግሽም፣ ተኚ። በሳምንት እስከ 20 ሰዓት የሆነው ፓርት ታይም ሲፒቲ ደግሞ ቆጠራው ውስጥ አይገባም።

ሲፒቲው ሲፈቀድልሽ አዲስ አይ ትዌንቲ (ትምህርት ቤቱ ለኤፍ ዋን ተማሪ የሚሰጠው ወረቀት) ይወጣል፤ ሁለተኛውን ገጽ አንብቢ። የአሠሪው ስም፣ የሚጀምርበትና የሚያልቅበት ቀን፣ ሙሉ ይሁን ግማሽ ሰዓት እዚያ ተጽፏል። ፈቃድሽ ያ ነው፤ የአሠሪው ኦፈር ሌተር አይደለም። የእኔ ኃላፊ ሥራው ሰኞ ሊጀመር «ሐሙስ ለአጭር ሥልጠና ብቅ በል» ብሎኝ ነበር። ወረቀቴ ሰኞ ይላል። ሥልጠናም ሥራ ነው። ሳፍር ሳፍር ነገርኩት፤ ሰውዬው «ሰኞ እንገናኝ» ብሎ በአንድ መስመር ጨረሰው። ያን ያህል መጨነቄ አሁን ያስቀኛል።

እግረ መንገዴን፦ ከመጀመሪያው ቀን ሲፒቲ እንሰጣለን እያሉ የሚያስተዋውቁ ትምህርት ቤቶች አሉ። ፕሮግራሙ በግድ የሚጠይቀው ሲሆን ለድኅረ ምረቃ ተማሪ ሕጉ ይፈቅዳል። ግን ክላስ ሳይኖር ሥራ ብቻ ከሆነ፣ በኋላ ስታተስ ስትቀይሪ ጥያቄ ያስነሣብሻል። እኔ ብሆን አልገባበትም።

ኦፒቲ ላይ ነው ብዙ የማወራሽ፤ እኔም ልወድቅ የነበረው እዚያ ነው። ማመልከቻው አይ 765 ይባላል። ፕሮግራምሽ ከማለቁ 90 ቀን ቀድመሽ ማስገባት ትችያለሽ፤ ካለቀ በኋላም እስከ 60 ቀን ጊዜ አለሽ። ይህን ሁሉም ሰው ያውቃል። የሚረሳው ሦስተኛው ቁጥር ነው። ዲኤስኦው የተማሪዎች መዝገብ ሲስተሙ ላይ ለኦፒቲ ሪኮመንድ ካደረገልሽ (ድጋፉን ካስገባልሽ) ቀን አንሥቶ በ30 ቀን ውስጥ ማመልከቻሽ ኢሚግሬሽኑ እጅ መግባት አለበት።

እኔ አዲሱን አይ ትዌንቲ ተቀብዬ ፋይል ውስጥ ከተትኩትና ፈተና ውስጥ ገባሁ። ያኔ የላክሁት በወረቀት ነበር። ፎቶ ተነሥቼ፣ ቼክ ጽፌ፣ ፖስታውን አሽጌ ልልክ ስል ለሌላ ጉዳይ ዲኤስኦዋ ቢሮ ጎራ አልኩ። ፖስታውን እጄ ላይ አየችና «ሪኮመንድ ያደረግኩልህ መቼ ነበር?» አለችኝ። ግድግዳው ላይ ያለውን ካላንደር በእስክሪብቶ ጫፍ እየነካች ቆጠረች። ሃያ ስምንት ላይ ቆመች። «ዛሬ ብትልከው ዓርብ ይደርሳል፤ 31ኛው ቀን ነው» አለች። የሚቆጠረው የደረሰበት ቀን እንጂ የተላከበት አይደለም። የቀድሞውን ሰርዛ አዲስ ሪኮመንዴሽን አስገባችልኝ፣ አዲስ አይ ትዌንቲም አተመች። ያን ፖስታ ልኬው ቢሆን ኖሮ ማመልከቻው መከልከሉን እስካውቅ 60 ቀኑም ያልቅብኝ ነበር። አሁን በኦንላይን ስለሚገባ የፖስታው ጣጣ ቀርቷል፤ ክፍያውም ከኤፕሪል 2024 ወዲህ በኦንላይን 470 ዶላር፣ በወረቀት 520 ዶላር ተደርጓል። የ30 ቀኑ ደንብ ግን እንዳለ ነው።

መቼ ልጀምር ላልሽው፦ የመጀመሪያ ቀን የምትመርጪው ፕሮግራምሽ ካለቀ በኋላ ባሉት 60 ቀናት ውስጥ ነው። እኔ ቸኩዬ የመጀመሪያውን ቀን ያዝኩ፤ እጄ ላይ ሥራ አልነበረም። ኦፒቲው ሲፈቀድ የሚላክልሽ የሥራ ፈቃድ ካርድ ላይ ካለው ቀን ጀምሮ ሥራ አጥ ሆነሽ የምትቆዪበት ቀን ይቆጠራል፤ በጠቅላላው ከ90 ቀን ማለፍ የለበትም። ካላንደሬን እየከፈትኩ ቀኑን መቁጠር ልማድ ሆነብኝ። 40፣ 55፣ 71። 71 ላይ ስደርስ ለአንድ በጎ አድራጎት ድርጅት ዳታቤዝ በነጻ መሥራት ጀመርኩ። በሙያሽ ከሆነና በሳምንት 20 ሰዓት ከሞላ፣ በመደበኛው ኦፒቲ የበጎ ፈቃድ ሥራም ቆጠራውን ያስቆማል። ከድርጅቱ ደብዳቤ ተቀብዬ፣ ኦፒቲ ላይ ያለ ሰው አሠሪውን የሚያሳውቅበት ፖርታል (ድረ ገጽ) ላይ ሥራውን አስመዘገብኩ። ደመወዝ ያለው ሥራ ከዚያ በኋላ መጣ። አንቺ ግን ሥራ በእጅሽ ከሌለ ወደ ኋላ ያለውን ቀን ምረጪ። ኦፈር ካለሽ ከአሠሪው ጋር ተስማሙበት። ካርዱ በእጅሽ ሳይገባና ቀኑ ሳይደርስ ግን አትጀምሪ።

ሥራ ከጀመርሽ በኋላ የመጀመሪያውን የደመወዝ ወረቀት በደንብ እዪው። ከእኔ ላይ ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር 7.65 በመቶ ቆርጠውብኝ ነበር። ኤፍ ዋን ላይ ያለ ሰው በመጀመሪያዎቹ 5 የካላንደር ዓመታት በታክስ ዓይን ነዋሪ ስለማይባል ይህን አይከፍልም። ፔይሮል ክፍሉ አላወቀም ነበር፤ ኢሜይል ጻፍኩ፣ ገንዘቡን መለሱልኝ። አድራሻ ወይም አሠሪ ስትቀይሪ ደግሞ በ10 ቀን ውስጥ አሳውቂ።

ትምህርትሽ ስቴም ከሆነ ተጨማሪ 24 ወር አለሽ። ያኔ አሠሪው ኢ ቬሪፋይ (አሠሪዎች የሠራተኛን የሥራ ፈቃድ የሚያረጋግጡበት የመንግሥት ሲስተም) ውስጥ የተመዘገበ መሆን አለበት፣ አይ 983 የሚባል የሥልጠና ዕቅድ አብራችሁ ትሞላላችሁ፣ በነጻ መሥራትም አይቻልም። የሥራ አጥነቱ ቀን በጠቅላላው 150 ይሆናል። ኦፒቲሽ ሳያልቅ በጊዜው ካመለከትሽ፣ መልሱ እስኪመጣ እስከ 180 ቀን እየሠራሽ ትጠብቂያለሽ።

ኢንተርቪው ላይ ኢ ቬሪፋይ አላችሁ ወይ ብለሽ ለመጠየቅ አትፈሪ። እኔ ፈርቼ ስላልጠየቅኩ፣ ከአንድ ጥሩ ድርጅት ጋር ሦስት ዙር ሄጄ መጨረሻ ላይ የለንም አሉኝ።

የአንቺ ሜጀር ስቴም ይሁን አይሁን አልጻፍሽም። አይ ትዌንቲሽን አውጪና የመጀመሪያው ገጽ ላይ ከሜጀርሽ ስም አጠገብ ያለውን ባለ ስድስት አኃዝ ቁጥር እዪ። የአገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤቱ ከሚያወጣው የስቴም ዝርዝር ጋር የሚመሳከረው የሜጀሩ ስም ሳይሆን ያ ቁጥር ነው። ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ፣ ገና ሁለተኛ ሴሚስተር ላይ እያለሽ ከዲኤስኦሽ ጋር ተነጋገሪበት።