የፕሪየሱ መብራት ተመልሶ በራ፣ ሙያውን ልተወው ወይ ላልከኝ ወንድሜ

ሰላም ወንድሜ፣ መልእክትህ ደርሶኛል። ለሌሎቻችሁም እንዲገባችሁ ጉዳዩን ባጭሩ ላስቀምጠው። ልጁ አገር ቤት ቴክኒክና ሙያ በአውቶ መካኒክ ተመርቆ አሁን አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ አንድ ጋራዥ ውስጥ ይሰራል። ኡበር የሚነዳ አበሻ 2012 ፕሪየስ (በነዳጅም በባትሪም የሚሄድ የቶዮታ ሀይብሪድ) ይዞለት መጣ፣ ቼክ ኢንጅን የሚባለው የብልሽት መብራት በርቷል፣ ኮምፒውተሩ የመዘገበው የብልሽት ኮድ ፒ0420 ነው፣ ጭስ ማውጫው ላይ ያለውን ኋለኛውን ኦክስጅን ሴንሰር ቀየረለት መብራቱም ጠፋ፣ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ግን ተመልሶ በራ ሰውየውም ብሬን መልስ ብሎ ጮኸበት። አጎቱ ደግሞ "ይሄን ቅባት ተወውና ሲዲኤል (የትራክ መንጃ ፈቃድ) አውጥተህ ትራክ ንዳ" እያሉት ነው።

እኔ ትራክ መንዳትን አልንቅም፣ ብዙ ሰው ቤት ገዝቶበታል። አንተ ግን በአንድ ፕሪየስ ተናደህ ነው ልትሄድ ያልከው፣ እሱ ደግሞ ምክንያት አይሆንም። ከጻፍከው እንደገባኝ እጅህ ጥሩ ነው፣ የጎደለህ የምርመራው ነገር ነው፣ እሱ ደግሞ ይማሩታል።

ፒ0420 ሴንሰሩ ተበላሽቷል አይልም እኮ። ካታሊቲኩ (ጭስ ማውጫው ላይ ያለው ማጣሪያ) ጭሱን በደንብ እያጣራ አይደለም ነው የሚለው፣ ኋለኛው ሴንሰር ደግሞ ምስክሩ ነው፣ አንተ ምስክሩን ቀየርከው ወንጀለኛው ግን እዛው ቁጭ ብሏል። መብራቱ የጠፋው ኮዱን ስለሰረዝከው ነው፣ ኮምፒውተሩ ፈተናውን እንደገና እስኪጨርስ ጊዜ ይፈልጋል። ሰሜን ቨርጂኒያ ደግሞ ኤሚሽን (የጭስ ምርመራ) በየሁለት አመቱ ስለሆነ አንዳንዱ ኮዱን ሰርዞ በቀጥታ ወደ ኢንስፔክሽን ይሮጣል፣ እዛ ማሽኑ ሞኒተሮቹ (ኮምፒውተሩ ራሱ የሚያደርጋቸው ፈተናዎች) አልተሟሉም ብሎ ይመልሰዋል። ይሄን ለደንበኛ ቀድሞ መንገር ራሱ የሙያው አካል ነው።

ሀይብሪድ ላይ ብዙ መካኒክ የሚሳሳትበት ቦታ አለ። ሞተሩ በፈለገ ሰአት ይጠፋል ይነሳል፣ ሲጠፋ ነዳጅ ይቆማል፣ ኋለኛው ሴንሰር ወደ ዜሮ ይወርዳል፣ ያኔ ስካነር የያዘ ሰው "ይሄው ሞተ" ብሎ ሴንሰር ያዛል። ስለዚህ መጀመሪያ ሞተሩ ሳይጠፋ እንዲሰራ ሜንቴናንስ ሞድ ውስጥ አስገባው። ፍሬን ሳትረግጥ ፓወሩን ኦን ታደርጋለህ፣ ሬዲ የሚለው መብራት እንዳይመጣ፣ ከዛ ማርሹ ፒ ላይ እያለ ነዳጅ መስጫውን እስከ ታች ሁለቴ፣ ኤን ላይ ሁለቴ፣ እንደገና ፒ ላይ ሁለቴ ትረግጣለህ፣ ይሄ ሁሉ በ60 ሰከንድ ውስጥ ማለቅ አለበት፣ ከዛ ፍሬን ረግጠህ ታስነሳዋለህ። ሲሞቅ ዳታውን እይ። ፊተኛው ተራ ኦክስጅን ሴንሰር ሳይሆን ኤር ፉዌል ሴንሰር (የአየርና የነዳጅ ድብልቁን የሚለካ) ነው፣ ቶዮታ ላይ 3.3 ቮልት አካባቢ ከሆነ ድብልቁ ልክ ነው፣ ከዛ ከወረደ ነዳጅ በዝቷል ከወጣ አየር በዝቷል፣ ከኋለኛው ጋር የተገላቢጦሽ ስለሆነ አትደናገር። ኋለኛው 0.6 ወይ 0.7 ቮልት ላይ ረጋ ብሎ ከቆመ ካታሊቲኩ ደህና ነው። ከ0.1 እስከ 0.9 ላይ ታች ላይ ታች ካለ ግን ካታሊቲኩን ጠርጥር፣ ከዛ በፊት ግን ቧንቧው የሚያፈስ ቦታ ካለ ፈትሽ ምክንያቱም በቀዳዳ የገባ አየር ሴንሰሩን ያሳስተዋል።

እዚህም አታቁም። ካታሊቲኩ ለምን ሞተ? የዛ ዘመን ፕሪየስ ዘይት ይበላል፣ ኢጂአሩም (ከጭሱ ጥቂቱን ወደ ሞተሩ የሚመልሰው መስመር) በካርቦን ይደፈናል፣ የሚቃጠለው ዘይት ደግሞ ካታሊቲኩን ይገድለዋል። የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጥተህ አይተኸው ነበር? ሰውየውንስ "ካታሊቲክህ ተሰርቆብህ ያውቃል?" ብለህ ጠይቀሃል? የፕሪየስ ካታሊቲክ ውስጥ ያሉት ብረቶች ውድ ስለሆኑ ሌባ በጣም ይወደዋል፣ ብዙ ሰው ከተሰረቀ በኋላ ርካሹን ያስገጥማል፣ ርካሹ ደግሞ ያንኑ ኮድ መልሶ ያመጣልሃል። (በነገራችን ላይ አዳዲስ መኪና ላይ ካታሊቲክ በፌደራል ህግ 8 አመት ወይ 80 ሺህ ማይል ዋስትና አለው፣ ደንበኛህ ይሄ ካለው ወደ ዲለር ላከው፣ ገንዘቡ ቢቀርብህም ሰውየውን ታተርፈዋለህ።)

ወደ ስራው ልምጣ። ኤኤስኢ (የአሜሪካ የመካኒኮች የብቃት ፈተና) ውስጥ መጀመሪያ ኤ6 ኤሌክትሪኩን እና ኤ8 ኢንጅን ፐርፎርማንሱን ውሰድ፣ ከዛ ከፍ ያለው የኢንጅን ፐርፎርማንስ ፈተና ኤል1 እና የሀይብሪድና የኤሌክትሪክ መኪናው ኤል3 ይከፈቱልሃል። ሰርተፍኬቱ እንዲሰጥህ የስራ ልምድም ስለሚጠይቅ እስካሁን የሰራህበትን በወረቀት አስጽፍ፣ ጋራዡን ከለቀቅክ በኋላ ፊርማ መለመን መከራ ነው። ትምህርት ቤት ከፈለግክ ኖቫ (የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ) እዛው አሌክሳንድሪያ ካምፓሱ ላይ አውቶሞቲቭ አለው። የቶዮታን የጥገና መረጃ ደግሞ ለሁለት ቀን ብቻ ከፍለህ ማየት ትችላለህ፣ እዛ ገብተህ የፒ0420ን ገጽ ከላይ እስከ ታች አንብበው፣ ዩቲዩብ ላይ ሴንሰር ቀይር የሚልህን ሁሉ አትስማ።

ብርቱካናማውን የከፍተኛ ቮልቴጅ ገመድ ግን በዩቲዩብ አትማረው። ሴንሰር ለመቀየር መንካት አያስፈልግህም፣ የፕሪየሱ ባትሪ 200 ቮልት አካባቢ ነው ኢንቨርተሩ እስከ 650 ያደርሰዋል፣ 1000 ቮልት ጓንት እና አጠገብህ ቆሞ የሚያሳይህ ሰው ሳይኖር አትጠጋው።

"ኤሌክትሪክ መኪና መጥቶ ይሄ ሁሉ ከንቱ አይሆንም ወይ" ላልከው፣ አዎ ኤሌክትሪኩ ጭስ የለውም፣ ኦክስጅን ሴንሰርም የለውም። ግን ካምሪ ከ2025 ሞዴል ጀምሮ ሀይብሪድ ብቻ ነው የሚሸጠው፣ ሲየና ከ2021 ጀምሮ እንደዛው፣ እነዚህ መኪኖች ገና አስራ ምናምን አመት ይነዳሉ። ዳታ ማንበብ የለመደ ሰው ደግሞ ነገ ኤሌክትሪኩንም ያነበዋል።

አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ፣ እሱም ፍላት ሬት ነው፣ ማለትም በቆየህበት ሰአት ሳይሆን ለየስራው በተቆረጠው ሰአት ልክ መከፈል። በፍላት ሬት የሚከፍል ጋራዥ የምርመራ ሰአት ካልከፈለህ ትክክለኛ ስራ መስራት ያከስርሃል፣ ሴንሰር ቀይሮ መሸኘት ያዋጣሃል፣ ምናልባት ያንተም ጋራዥ እንደዛ ይሆናል። ኢንተርቪው ስትገባ "ለዲያግኖስቲክ ስንት ሰአት ትከፍላላችሁ፣ መኪናው ከተመለሰስ ማን ነው የሚሸከመው" ብለህ ጠይቅ፣ መልሱን ሲያድበሰብሱብህ ተነስተህ ውጣ። ለአጎትህም አክብረህ አንድ አመት ስጠኝ በላቸው፣ ሲዲኤሉ የትም አይሄድም።

ለፕሪየሱ ሰውዬ አሁኑኑ ደውልለትና በነጻ ላየው በለው፣ ዘይቱን፣ ካታሊቲኩ የቶዮታው ይሁን ርካሹ፣ ዳታውን እይ፣ የስካነሩን ግራፍ በስልክህ አንሳና ላክልኝ። ሬዚዩሜህንም ጨምርበት፣ "መኪና ጥገና" ብቻ የምትለዋን መስመር እንቀይራታለን።