አበባው ከዶሮው አይብለጥ፦ የፋሲካ ማዕድ ጥያቄዎቻችሁ

እስከ ሆሳዕና ድረስ የምትጠይቁኝ ስለ ሽሮና ስለ ሱፍ ፍትፍት ነው። ሰሞነ ሕማማት ሲገባ ግን ወሬው ሁሉ ቄጠማ፣ አበባና ጠረጴዛ ይሆናል። ከዘንድሮዎቹ አምስቱን መርጫለሁ።

«ቄጠማ ዓርብ ገዝቼ እሑድ ድርቆሽ ሆኖ ይጠብቀኛል። ምን ይሻላል?» (ከቀበሌ 14)

ዓርብ አትግዢ። ዓርብ ስቅለት ነው፣ አንቺም ስግደት ላይ ነሽ። ቅዳሜ ጠዋት ግዢና የተቆረጠውን ጫፍ ውኃ ባለው ባልዲ ውስጥ አቁሚው። ከላይ እርጥብ ማዳበሪያ ጣል አድርጊበትና ጥላ ሥር ይቆይ። የሚያዝያ የባሕር ዳር ሙቀት ቀልድ አያውቅም። ጉዝጓዙን ማታ ቤተ ክርስቲያን ልትሄዱ ስትሉ አንጥፊው፤ ሌሊት ስትመለሱ ቤቱ ቄጠማ ቄጠማ እየሸተተ ይቀበላችኋል።

ቤትሽ ሴራሚክ ከሆነ ግን አራግፊው፣ ስስ አድርጊው፣ ውኃም አትርጪበት። እርጥብ ቄጠማ ሴራሚክ ላይ እንደ ሙዝ ልጣጭ ነው። አክስቴ አንድ ጊዜ የወጥ ድስት እንደያዘች ተንሸራታ ግድግዳው ነው ያዳናት። ድስቱን አልለቀቀችም፣ እስከ ዛሬም ታወራዋለች።

በነገራችን ላይ፣ በቀዳም ስዑር ካህናቱ «ገብረ ሰላመ በመስቀሉ» እያሉ የሚያድሉን ቄጠማ ራስ ላይ የሚታሰር ነው። ከጉዝጓዙ ጋር አትቀላቅዪው።

«የእምቦጭ አበባ ሐምራዊ ነው፣ በጣም ያምራል። ነቅዬ ጠረጴዛ ላይ ባደርገውስ? ጣናንም ማገዝ ነው።» (ከሽምብጥ)

ወንድሜ፣ ጥያቄህ አሳቀኝም አሳሰበኝም። ማማሩን ማን ይክዳል? ጣጣውም የመጣው ከማማሩ ነው። አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው፤ ሰው «ለኩሬ ጌጥ ይሆናል» እያለ ይዞት ሲዞር ነው ዓለምን ያዳረሰው። ጣና ላይ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የዳርቻው ገበሬ ወገቡ ድረስ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅለው ኖሯል። ይኸው አሁንም አለ። ከእናቱ የተገነጠለች ትንሽ ቡቃያ ብቻዋን ትራባለች፤ ዘሩም ጭቃ ውስጥ ብዙ ዓመት ተቀምጦ ይበቅላል። አንተ በባልዲ ቤትህ ታስገባዋለህ፤ ከበዓሉ በኋላ ያ ባልዲ ቦይ ውስጥ ይደፋል፤ ቦዩ የት እንደሚሄድ ታውቃለህ። ደግሞ ለአንድ ቀን እንኳ አያምርም፣ ቶሎ ይጠወልጋል። ማገዝ ከፈለግህ ከነቃዮቹ ጋር ውጣ፤ ጠረጴዛህ ላይ ግን አታምጣው።

ቀለሙ ከሆነ ያማረህ፣ በየአጥሩ የተንጠለጠለ ቡገንቪላ ሞልቷል። አበባ የሚመስለው ነገር እንደ ወረቀት የቀጠነ ቅጠል ስለሆነ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ውኃ ላይ ብታንሳፍፈው ሌሊቱን አይበገርም። የጣና ነገር ይኑር ካልክ ደግሞ ሁለት ሦስት ዘንግ ደንገል የቤቱ ጥግ ላይ አቁም። ብቻ ታንኳ ከሚሠሩት ሰዎች ግዛ እንጂ ዳርቻው ላይ ወርደህ አትጨድ። ዓሣውም ወፉም መጠጊያው እዚያ ነው።

«ልጄ አደይ አበባ ካልመጣ ብላ አስቸገረችኝ።»

እስከ መስከረም ትታገስ። ፋሲካ ቢፈጥን መጋቢት 26፣ ቢዘገይ ሚያዝያ 30 ነው። ከአደይ ጋር አይተዋወቁም።

«የልጅ ልጆቼ በቴሌቪዥን ባለ ቀለም እንቁላል አይተው እኛም እንሥራ አሉኝ። የሱቅ ቀለም እፈራለሁ።» (ጡረተኛ መምህርት፣ ከዓባይ ማዶ)

እትዬ፣ የሱቁን ይተዉት። የእኛ እንቁላል ቦታው ከ12ቱ ብልት ጋር ድስቱ ውስጥ ነው፤ ቢሆንም ለልጆች ጥቂት ቢተርፍ ምን አለበት? ቀለሙም እዚያው ዶሮ ወጡ ሥር ተጥሏል፤ የቀይ ሽንኩርት ልጣጭ! ሁለት ሦስት እፍኝ ደረቅ ልጣጭ በ1 ሊትር ውኃ ለ20 ደቂቃ ያፍሉ። አጥልለው ያቀዝቅዙት፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ አቼቶ ይጨምሩበት። ከዚያ ጥሬውን እንቁላል ከተው በቀስታ እሳት 12 ደቂቃ ይቀቅሉት። የሸክላ ድስት የመሰለ ቀለም ይዞ ይወጣል። ቢጫ ካማራቸው በልጣጩ ፈንታ እርድ ነው።

ልጆቹን የሚያስደስተው ግን ይኼኛው ነው። የጤና አዳም ቅጠል በውኃ አርሰው እንቁላሉ ላይ ይለጥፉ፣ በአሮጌ ስቶኪንግ ጥብቅ አድርገው ይሰሩት፣ እንዲያው ይቀቀል። ሲፈቱት የቅጠሉ ቅርጽ ነጭ ሆኖ ታትሞ ያገኙታል። ቅዳሜ ተሠርቶ እሑድ ይበላል። እስከዚያ የሚጠብቀው ሰው ከልጆቹ መሃል ባይሆን ይመረጣል።

«አዲስ ሙሽራ ነኝ። የባለቤቴ ቤተሰቦች ሌሊት ከቅዳሴ ሲመለሱ እኛ ጋ ነው የሚገድፉት። መሃል ጠረጴዛ ላይ ምን ላድርግ?» (ከዲያስፖራ ሰፈር)

እኔ ባገባሁበት ዓመት የሠራሁትን አትሥሪ። ትልቅ የአበባ ማስቀመጫ ገዝቼ አበባና ቅጠል ቆልዬበት መሃል ገተርኩት። አማቼ ጎንበስ ብለው በቅጠሉ ሥር እያዩኝ «ከጫካው ማዶ ያለሽው፣ እንጀራ አለ?» አሉኝ።

ስለዚህ ዝቅ ያለ ነገር ይሁን። አንድ የኮባ ቅጠል፣ ከታጣም የሙዝ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊና እሳት ላይ ለብለብ አድርጊው፤ ካልተለበለበ ይሰነጠቃል። በጠረጴዛው ርዝመት አንጥፊው። ድፎው ከተጋገረበት ቅጠል ጋርም ይስማማል። መሃሉን ለመሶቡ ተዪና ዳር ላይ ሎሚና ማንጎ ደርድሪ። ጠንካራ ሽታ ያለው አበባ ይቅር፤ በዚያ ሰዓት ሰው ማሽተት የሚፈልገው 55 ቀን የናፈቀውን ወጥ ነው።

አስተናግርና በየመንገዱ የሚተከለው ባለ ሮዝ አበባ ኦሊያንደር ግን ቤትሽም አይግቡ፣ መርዝ ናቸው። የሱቅ ጽጌረዳም መድኃኒት የተረጨ ሊሆን ስለሚችል ምግብ አይንካ።

ማንጎው ደግሞ ለዓይን ብቻ አይደለም፣ ከዶሮው በኋላ ይቆረጣል። ቢላዋውን አስቀድመሽ ከጎኑ አድርጊ።