ራምፕ አለ ወይ ከማለትሽ በፊት፦ በዊልቸር ከመናኸሪያ እስከ ጣና ጀልባ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። እናትሽ ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ በዊልቸር ነው የሚንቀሳቀሱት፤ ከመስቀል በኋላ ከአዲስ አበባ አምጥተሽ ጣናን ልታሳያቸው አስበሻል፤ እና «ባህር ዳር መናኸሪያውና ጀልባ መሳፈሪያው ራምፕ (በደረጃ ፈንታ ዊልቸር የሚገፋበት ተዳፋት) አላቸው ወይ?» ብለሻል። ከላይ የመለሱልሽ ሰዎች አንዱ አለ፣ ሌላው የለም ይላል። እኔ አባቴን ስድስት ዓመት በዊልቸር ገፍቼዋለሁ፣ እዚሁ ባህር ዳር። ስለዚህ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

ራምፕ አለ ወይ የሚለው ጥያቄ ብቻውን አያደርስሽም። እኔም መጀመሪያ የምጠይቀው እሱን ነበር። ሰዎች «አለ» ይሉኛል፣ እውነታቸውን ነው፣ ደርሼ ሳየው ግን አባዬን ይዤ መሃል መንገድ ላይ እቀራለሁ። መጠየቅ ያለብሽ፣ እናትሽ ከመኪናው ወንበር ተነስተው ጀልባው ወንበር ላይ እስኪቀመጡ ድረስ መንገዱ ስንት ቦታ ይቆረጣል የሚለውን ነው። አንድ ቦታ ከተቆረጠ ሌላው ሁሉ ቢያምርም ጥቅም የለውም።

አንድ ጊዜ አባዬን ለህክምና ወደ አዲስ አበባ ስወስደው መንገድ ላይ አንድ ከተማ አደርን። መናኸሪያው ፈርሶ እንደ አዲስ የተሰራ ነው። ሰፊ ነው፣ ንጹህ ነው፣ ራምፕም አለው፣ የብረት መደገፊያ ሳይቀር። ደስ ብሎኝ ወደዛ ገፋሁት። ራምፑ የሚያልቀው ግን ቦይ ላይ ነው። የቦዩ ክዳን ግማሹ ተሰብሯል፣ ከጫፉ እስከ አስፋልቱ ከአንድ ስንዝር በላይ ክፍተት አለ። የፊት ጎማዎቹ ትናንሽ ስለሆኑ እዛ ከገቡ አለቀ፣ ሰውዬው በግንባሩ ነው የሚወድቀው። ደግሞ ራምፑ ያለው ከህንጻው ጀርባ ነው፣ ሰው ሁሉ የሚወጣና የሚወርደው በፊት ለፊቱ ደረጃ። ማንም ተሳፋሪ ስለማያልፍበት ጫኝና አውራጆች ጆንያ ደርድረውበታል። እነሱን አልወቅስም፤ ባዶ ቦታ አግኝተው ነው። ሰው ከሚተላለፍበት መስመር ውጭ የተሰራ ራምፕ ሁሉ መጨረሻው ይሄ ነው፣ ወይ እቃ ማስቀመጫ ይሆናል ወይ ሱቅ ይከፈትበታል።

ሁሉም በሚያልፍበት በር ላይ ቢሰራ ኖሮ ግን ሻንጣ የሚጎትተውም፣ ልጅ ያዘለችውም፣ ጉልበቱን የሚያመው ሽማግሌም በሱ ይሄድ ነበር። ያኔ ማንም አይዘጋውም፣ የሚዘጋ ካለም መቶ ሰው ይጮህበታል።

በመጨረሻ አራት ልጆች አባዬን ከነዊልቸሩ አንስተው አወረዱት። እግዜር ይስጣቸው፣ ግን አንደኛው የያዘው የክንድ መደገፊያውን ነበር፣ እሱ ደግሞ ተነቃይ ነው። ተነቅሎ እጁ ላይ ቀረ። አባዬ ወደ ጎን ሲያጋድል በደረቴ ነው የያዝኩት። እባክሽ ይሄን ያዢልኝ፦ ሰው ሊረዳሽ ሲመጣ መጀመሪያ የት እንደሚይዝ አሳይው። ዋናውን ብረት እንጂ የክንድ መደገፊያና የእግር ማሳረፊያ አይያዝም። ቁልቁል ስትወርጂ ደግሞ ዊልቸሩን አዙረሽ፣ ትልልቆቹን ጎማዎች አስቀድመሽ፣ አንቺ ከታች ሆነሽ ቀስ እያልሽ ውረጂ።

ስለ ራምፕ ርዝመትና ቁልቁለት ብዙ ሰው በግምት ነው የሚያወራው። በብዙ አገር የሚሰራበት ልክ 1 ለ 12 ነው፤ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ለመውጣት 120 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያስፈልጋል ማለት ነው። እያንዳንዳቸው 17 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያላቸው ሦስት ደረጃዎች ብቻ ከስድስት ሜትር በላይ ራምፕ ይፈልጋሉ። ስለዚህ አንድ ቦታ ደርሰሽ ሦስት ደረጃ ላይ የተለጠፈች የአንድ ሜትር ተኩል ሲሚንቶ ካየሽ አትሞክሪው፣ እሱ ዊልቸር መግፊያ አይደለም። ጉዳዩ የችሮታም አይደለም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የህንጻ አዋጅ ቁጥር 624/2001 አንቀጽ 36 የህዝብ መገልገያ ህንጻ ዊልቸር ለሚጠቀሙና መራመድ እየቻሉ ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች መግቢያ እንዲኖረው አዝዟል። የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽንም አገራችን በ2002 አጽድቃለች። አንድ ቦታ ከጠባቂ ጋር ስትነጋገሪ ይሄን ማወቅሽ ድምጽሽን ያጠነክርልሻል።

አሁን ወደ መናኸሪያው። የረጅም ርቀት አውቶብስ በር ላይ ደረጃ አለ፣ መተላለፊያውም ጠባብ ነው፣ ዊልቸር አይገባበትም። ቀላል ባቡሩን አዲስ አበባ ታውቂዋለሽ፤ ከወለሉ 70 በመቶው ዝቅ ያለ ስለሆነ መቆሚያው ላይ ከደረስሽ ገፍተሽ መግባት ነው፣ ጭንቁ እስከ መቆሚያው መድረሱ ላይ ነው። አውቶብስ ላይ ተቃራኒው ነው፣ እስከ በሩ ትደርሻለሽ፣ በሩ ላይ ትቆሚያለሽ። ስለዚህ የፊተኛውን ወንበር ቀድመሽ ያዢ፣ ለረዳቱም ቲኬት ስትቆርጪ ንገሪው። ሌሊት 11 ሰዓት አካባቢ መናኸሪያ ውስጥ አትግቢ። አውቶብሱ፣ ባጃጁ፣ ተሸካሚው፣ ቆሎ ሻጩ ሁሉም በአንድ በር ነው የሚጋፋው፣ በዛ ጨለማ ዊልቸር ላይ የተቀመጠ ሰው ለሹፌር አይታይም። እኛ ሾፌሩን ለምነን ከግቢው ውጭ፣ አስፋልት ዳር ነበር የምንሳፈረውና የምንወርደው። በአውሮፕላን ከመጣችሁ ደግሞ ዊልቸር እንደምትፈልጉ ቲኬት ስትቆርጪ አስመዝግቢ፣ ኤርፖርት ደርሰሽ አይደለም። ትንሹ ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን የራሱ መሰላል ደረጃ ስላለው ሰው ተዘጋጅቶ ይጠብቃችሁ።

ከተማው ውስጥ አትጨነቂ። ባህር ዳር ሜዳ ናት፣ ዘንባባው ስር መግፋት ደስ ይላል። ከሚኒባስ ባጃጅ ይሻላል፣ ወለሉ ዝቅ ያለ ነው፣ ከጎን አስጠግተሽ ታሻግሪያቸዋለሽ። የታጠፈው ዊልቸር ካልገባ በሁለተኛ ባጃጅ ላኪው። አዲሱን የአባይ ድልድይም አሳያቸው፣ 380 ሜትር ነው፣ በ2016 ግንቦት ነው የተመረቀው፤ የእግረኛ መንገዱ ላይ አቁመሻቸው አባይን ከላይ ያዩታል።

ጀልባው ላይ ግን ቁም ነገሩ ወሩ ነው። ጣና በአንድ ዓመት ውስጥ እስከ አንድ ሜትር ተኩል ድረስ ከፍና ዝቅ ይላል። ክረምቱ ሲወጣ፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ ይሞላል፣ ግንቦትና ሰኔ ላይ ይጎድላል። መሳፈሪያው ሲሚንቶ ከሆነ ባለበት ነው የሚቆመው፣ ጀልባው ግን ከውሃው ጋር ይወርዳል። ሰኔ ላይ አባዬን ለማሳፈር ስንሞክር የጀልባው ጠርዝ ከሲሚንቶው በወገቤ ልክ ዝቅ ብሎ ነበር። ታንኳ የሚቀዝፍ አንድ ጎልማሳ «አባባ፣ አንገቴን ይያዙ» ብሎ አዝሎ አወረደው። አባዬ ጀልባው ላይ ከተቀመጠ በኋላ ለረጅም ጊዜ አልተናገረም። ከዛ «ልጅ ሆኜ ከዚህ እየዘለልኩ ነበር የምገባ» አለኝ። በጥቅምት ስንመለስ ጠርዙና ሲሚንቶው ሊገጥሙ ትንሽ ነበር የቀራቸው፣ በሳንቃ ተገፍቶ ገባ። ራሱን ቀና አድርጎ፣ ለካፒቴኑ ሰላም እያለ። ያን ቀን ፊቱን ብታይው! ሰው ተሸክሞ ማስገባትና ሰው በራሱ ወንበር መግባት አንድ አይደሉም። ወደፊት መሳፈሪያ የሚሰሩ ሰዎች ይሄን ቢያነቡልኝ፣ ከውሃው ጋር የሚነሳና የሚወርድ ተንሳፋፊ መድረክ፣ ወደ የብስ ደግሞ በማጠፊያ የተያያዘ ረጅም ድልድይ ነው የሚያስፈልገን። ለአንድ ሜትር ተኩል ልዩነት 18 ሜትር ድልድይ ማለት ነው፣ በ1 ለ 12 ስታሰላው።

ስለዚህ የመረጥሽው ጊዜ ጥሩ ነው፣ ጥቅምት መጀመሪያ ይሁን። ጠዋት ውጡ፣ ከሰዓት ነፋስ ይነሳና ማዕበሉ ያንገላታቸዋል። ጀልባው ከፊትም ከኋላም ሳይታሰር እንዳታሳፍሪያቸው፣ በአንድ ገመድ ብቻ ከታሰረ ልክ ጎማው ጠርዙ ላይ ሲደርስ ይሸሻል። ዘጌን ከሩቁ አሳያቸው እንጂ ኡራ ኪዳነ ምህረት ገዳም ድረስ እወስዳለሁ አትበዪ። መንገዱ በቡና ጫካ ውስጥ ድንጋያማ አቀበት ነው፣ ዊልቸር አይሆንም። የሰፈሩ ልጆች በቃሬዛ እንሸከማለን ይላሉ፣ ይችላሉም። አባዬ ግን እምቢ አለ፣ ዳር ላይ ጥላ ስር ሆኖ ተሳለመ። እናትሽን ራሳቸውን ጠይቂያቸው፣ አንቺ አትወስኝላቸው።

ሳንቃውን እኛ ያሰራነው አናጢ ጋ ነው፣ ሁለት ሜትር ርዝመት፣ ጎማ እንዳያንሸራትት በየስንዝሩ ቀጭን እንጨት የተመታበት፣ ግራና ቀኙ ጠርዝ ያለው። ከኋላ ጠንካራ ሰው እየያዘ እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ልዩነት እንጠቀምበት ነበር፣ ከዛ በላይ አንሞክርም። አባዬ ካረፈ ሁለት ዓመት ሆነው፣ ሳንቃው ግን ቤት አለ። የእናትሽን ዊልቸር ስፋት ከጎማ እስከ ጎማ ለኪና ከምትመጪበት ቀን ጋር በውስጥ መስመር ላኪልኝ፣ ሳንቃው ከጠበበ አናጢው ጋ ወስጄ አሰፋዋለሁ።